መጫኛው አዲሱን ኤስኤስዲ ካላሳየ አሮጌውን ዲስክ አይንኩ

ጠያቂው ወንድማችን አዲስ በገጣጠሙት ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 11 ለመጫን ሲሞክሩ፣ መጫኛው ዲስክ በሚያስመርጥበት ገጽ ላይ ከቀድሞ ኮምፒውተራቸው ያመጡት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ብቻ እንደሚታይና አዲሱ ባለ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ በማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ፈጣን ማከማቻ) እንደማይታይ ጽፈዋል። ኤስኤስዲው ተበላሽቶ ይሆን ወይስ አሮጌውን ፎርማት አድርጌ እሱ ላይ ልጫን ብለውም ጠይቀዋል። ለራሴም ለወዳጆቼም በርከት ያሉ ኮምፒውተሮችን ስለገጣጠምሁ ያየሁትን ልንገርዎት። ከሁሉ በፊት ግን አሮጌውን ዲስክ ፎርማት አያድርጉ። እንዲያውም ማሽኑን አጥፍተው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅለው፣ የአሮጌውን ዲስክ የመረጃ ገመድ (ሳታ) ከማዘርቦርዱ ላይ ያውጡት።

ይህን የምለው ፎቶዎችዎ በስህተት እንዳይጠፉ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለራሴ በገጣጠምሁት ማሽን ላይ ሁለቱንም ዲስኮች እንደተሰኩ ትቼ ዊንዶውስን በአዲሱ ላይ ጫንሁ፤ ለወራትም ያለ አንዳች እንከን ሠራ። አሮጌው ዲስክ መንጫጫት ሲጀምር ነቅዬ ባወጣው፣ ማሽኑ የሚነሣበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚገልጽ ጽሑፍ አሳይቶኝ ቆመ። ለካስ መጫኛው አሮጌው ዲስክ ላይ ቀድሞ የነበረ የማስነሻ ክፋይ (ዊንዶውስን የሚያስነሡ ፋይሎች የሚቀመጡበት የዲስክ ክፍል) ስላገኘ፣ አዲስ ከመፍጠር ይልቅ የማስነሻ ፋይሎቹን እዚያው ላይ ጽፏቸው ኖሯል። ከመጫኛው ፍላሽ ተነሥቼ የትእዛዝ መጻፊያውን ከፍቼ፣ በአዲሱ ዲስክ ላይ ፋት32 በተባለው የፋይል አቀማመጥ ትንሽ ክፋይ ፈጥሬ፣ ቢሲዲቡት በተባለው ትእዛዝ ማስነሻውን እንደገና እስክጽፍ ድረስ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። በጊዜው ገመዷን ነቅዬ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ደቂቃ አይወስድብኝም ነበር።

አሁን ወደ አዲሱ ኤስኤስዲ እንመለስ። ማሽኑን ሲያበሩ ዴል ወይም ኤፍ2 የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው በመጫን ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ወደሚነሣው የማዘርቦርዱ ቅንብር ገጽ) ይግቡና ኤስኤስዲው በዲስኮች ዝርዝር ውስጥ በስሙ ተጽፎ መኖሩን ይመልከቱ። ችግሩ የት እንዳለ የሚለየው ይህ ነው። ባዮሱ ራሱ ካላየው ጉዳዩ ከዊንዶውስ ጋር አይገናኝም፤ ኤስኤስዲውን አውጥተው እስከ መጨረሻው ገፍተው መልሰው ይሰኩት፣ ብሎኑንም ያጥብቁት። የማዘርቦርዱን መመሪያም ያንብቡ፤ ሁሉም የኤም.2 ማስገቢያ (ኤስኤስዲው የሚሰካበት ቦታ) ከሁሉም ፕሮሰሰር ጋር አይሠራምና። ለምሳሌ ባለ 500 ተከታታይ ቺፕሴት (የማዘርቦርዱ ዋና መቆጣጠሪያ) በሆኑ የኢንቴል ማዘርቦርዶች ላይ 10ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ከተገጠመ፣ በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተያያዘው የኤም.2 ማስገቢያ ሥራ አይሰጥም። ጤነኛ ዲስክ ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ሻጩ ሲመለስ ያየሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ባዮሱ እያየው መጫኛው ብቻ ካላየው ግን፣ በተለይ ፕሮሰሰርዎ 11ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ኢንቴል ከሆነ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቪኤምዲ የተባለውን ቅንብር ነው። ይህ ቅንብር ሲበራ ኤስኤስዲው በኢንቴል መቆጣጠሪያ በኩል ስለሚቀርብ፣ መጫኛው የዚያ መቆጣጠሪያ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ከሌለው ዲስኩን እንደሌለ ይቆጥረዋል። ሬይድ (በርካታ ዲስኮችን እንደ አንድ ማጣመር) የማይጠቀሙ ከሆነ ባዮስ ውስጥ ገብተው ቪኤምዲን ማጥፋት ይበቃዎታል፤ ነገር ግን የሚያጠፉት ከመጫንዎ በፊት ይሁን፤ በርቶ ሳለ የተጫነ ዊንዶውስ በኋላ ሲያጠፉት ላይነሣ ይችላል። ማጥፋት ካልፈለጉ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን ከማዘርቦርዱ አምራች ገጽ አውርደው፣ ፋይሉን ፈትተው፣ ፍላሹ ላይ በአቃፊ ያስቀምጡትና ዲስክ በሚመረጥበት ገጽ ላይ ድራይቨር ጫን በሚለው በኩል ያሳዩት። ተጠቅልሎ እንደወረደ ካስቀመጡት መጫኛው አያነበውም፤ ብዙ ሰው ድራይቨሩ አልሠራም የሚለውም እዚህ ላይ ተሰናክሎ ነው።

ባዮስ ውስጥ እንዳሉ ሲኤስኤም (የአሮጌው አነሣሥ ድጋፍ) መጥፋቱንና ቲፒኤም (የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቅ የደኅንነት ክፍል) መብራቱን ያረጋግጡ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 ይጠይቃል፤ ቅንብሩም በኢንቴል ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ደግሞ ኤፍቲፒኤም ይባላል። የማነሻ ዝርዝሩ ላይ ፍላሽዎ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ካገኙት ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የአነሣሥ ዘዴ) የሚል ቃል ያለበትን ይምረጡ። የሜሞሪውን ፍጥነት ከፍ የሚያደርገውን ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖም እስኪጨርሱ ድረስ ቢያጠፉት ይሻላል፤ አንድ ጊዜ መጫኑ በየሙከራው በተለያየ መቶኛ ላይ እየተቋረጠ ፍላሹን ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ካዘጋጀሁ በኋላ ጥፋቱ የሜሞሪው ፍጥነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ኤስኤስዲው ሲታይ ባዶውን ቦታ እንዳለ መርጠው ይቀጥሉ፤ ክፋዮቹን መጫኛው ራሱ ያበጃቸዋል። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፍቶ ሲነሣ ፍላሹን ይንቀሉት፤ አለበለዚያ ከመጀመሪያው ገጽ ሊጀምርብዎ ይችላል። የኔትወርክ ድራይቨሩንም አስቀድመው ፍላሹ ላይ ያኑሩት፤ ማዘርቦርዱ አዲስ ከሆነ መጫኛው ዋይፋዩን ላያውቀው ይችላል፣ በቅንብሩ መሐልም ኢንተርኔት ይጠየቃሉ። ከሌለዎት ደግሞ የአንድሮይድ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝተው ኢንተርኔቱን ማጋራት ብዙ ጊዜ ይሠራል።

አሮጌውን ዲስክ መልሰው የሚሰኩት ዊንዶውሱ ያለ ፍላሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲነሣ ካዩ በኋላ፣ ማሽኑን አጥፍተው ነው። ከሰኩት በኋላ ባዮስ ውስጥ አዲሱ ኤስኤስዲ በማነሻ ቅደም ተከተሉ ፊተኛ ሆኖ መቆየቱን አንድ ጊዜ ይመልከቱ። ባዮሱ ኤስኤስዲውን ጭራሽ ካላሳየዎት ግን የማዘርቦርዱንና የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፣ ኤስኤስዲው የተሰካበትንም ማስገቢያ ጨምረው ይጻፉልን።