ስለ ባለቀለም መስታወት ዋጋ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ቁርጥራጭ ባለቀለም መስታወት በእጅ እየተገጣጠመ ስለሚሠራው ጥበብ፣ ስቴይንድ ግላስ ስለሚባለው፣ ጽፌ ነበር። የመጡልኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ስለ ብር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ባዛር ላይ የመዳፍ ያህል የመስታወት ወፍ 60 ዶላር ገዛሁ። መስታወት እኮ ነው! አልተበላሁም?

መልስ፦ አልተበሉም። ወፏ ስንት ቁራጭ እንዳላት ቆጥረዋል? ዋጋዋን የሚወስነው ከስፋቷ ይልቅ የቁራጮቿ ብዛት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ በንድፉ ልክ ይቆረጣል። ጠርዙ ይሞረዳል። ዙሪያውን ስስ የመዳብ ጥብጣብ ይለጠፍበታል። ከዚያ ከጎረቤቱ ጋር በፊትም በጀርባም ይበየዳል። አስር ቁራጭ ካላት ይህ ሁሉ አስር ጊዜ ነው። መስታወት ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ይወዳል፤ ወደ ውስጥ የጎበጠ ቅርጽ ላይ ግን ያምፃል። እኔ አንዴ መቁረጫ ተውሼ የወፍ አንገት ልቆርጥ ሞክሬ አራት መስታወት ሰብሬያለሁ። ያውም ባለሙያው አጠገቤ ቆሞ «ቀስ በል» እያለኝ።

ጥያቄ፦ ሮዝ ስመርጥ ዋጋ ተጨመረብኝ። ቀለም ከቀለም ይለያል እንዴ?

መልስ፦ በደንብ! ቀለሙ ከላይ የሚቀባ አይደለም፤ መስታወቱ ሲቀልጥ አብሮት የሚገባ ማዕድን ነው። ለደማቁ ሰማያዊ ኮባልት ይገባል። ለጥሩው ሮዝ ደግሞ ወርቅ። አዎ፣ ያው የጣታችን ወርቅ። መጠኑ ጥቂት ነው፤ ግን ወርቅ ወርቅ ነው። በአፍ የሚነፋው ዓይነት ከሆነማ ሌላ ነው። ጀርመን፣ ዋልድሳሰን ከተማ ያለው ላምበርትስ ፋብሪካ ዛሬም እንደዚያ ይሠራል። ባለሙያው የቀለጠውን መስታወት በቧንቧ እየነፋ እንደ በርሜል ያወጣዋል። ከዚያ በርሜሉ በቁመቱ ተሰንጥቆ፣ እንደገና በእሳት ለስልሶ ይዘረጋል። አንዱ ከሌላው ቁርጥ አይመሳሰልም። ለዚህ ነው አንድ ቁራጭ ሲሰበር ተመሳሳዩን ፍለጋ የሚያንከራትተው።

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ በጣም ርካሹስ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የታተመ ወይም የተቀባ ነው። በጣትዎ መስመሩን ይዳስሱ። እውነተኛው ብየዳ በሁለቱም በኩል ጎላ ብሎ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ለቤተክርስቲያናችን ትልልቅ መስኮቶች ልናሠራ ነው። ሲበዛ በጅምላ አይረክስም?

መልስ፦ እምብዛም። እጅ በጅምላ አይሠራም። እንዲያውም መስኮት ሲተልቅ ክብደት ይመጣል፤ በየክፍሉ መከፋፈልና በብረት መደገፍ አለበት። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን ሥራ አስቡት። 150 ካሬ ሜትር ነው። ንድፉ የእሱ ነው፤ መስታወቱ ግን ፈረንሳይ አገር ወርክሾፕ ውስጥ ነው የተሠራው። አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲመረቅ እዚያ የቆመው የአንድ ሰው ላብ ብቻ አልነበረም። እናንተም በጀት ስትይዙ ከመስታወቱ በፊት የሰውን ቀን ቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ባለሙያውን ሳላስቀይም እንዴት ልከራከር?

መልስ፦ «ቀንስልኝ» ከማለት «ቁራጩን እንቀንስ?» ይበሉ። ከምስሉ ኋላ ያለው ዳራ አንድ ወጥ መስታወት ይሁን፤ መስመሩም ቀጥ ይበል። ወፍ ከሆነች ግን ክንፏን አያስነኩ፤ ዶሮ ሆና ትመጣለች።