አባቴ ከውሃው መሀል አልወጣም አለ

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

እንደምን ከረሙ? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? የምጽፍልዎት ከወረታ ነው። ወላጆቼ የሚኖሩት ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ላይ ነው። ተወልጄ ያደግሁትም እዚያው ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ደጃችን ውሃ ሲተኛ እያየሁ ስላደግሁ ውሃ አያስደነግጠኝም። የዘንድሮው ግን አስደንግጦኛል። ርብ ከቡሄ ዋዜማ ጀምሮ ዳርቻውን ጥሶ ወጥቷል። ሩዙ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው፤ በአንዳንድ ማሳ ጫፉም ጠፍቷል።

እናቴን ታላቅ ወንድሜ በታንኳ አውጥቶ አመጣልኝ። ከቤቷ ይዛ የወጣችው የእርሾ ማሰሮዋንና በቅርጫት የታፈነች አንዲት ዶሮ ነው። ሳጥኑም፣ ልብሱም፣ የታቦቱ ሥዕልም እያለ ለምን እርሾ እንደመረጠች ብጠይቃት «ሌላው ይገዛል፤ እርሾው ግን የእናቴ ነው» አለችኝ።

አባቴ ግን እዚያው ቀረ። ሰባ ዓመት አልፎታል። ላሞቹን ከጎረቤቶቹ ከብቶች ጋር ከፍ ባለችው አውድማ ላይ አስሮ፣ እሱ ቆጥ ላይ ያድራል። የቤቱ ምሰሶ ላይ በቢላዋ ምልክት ምልክት አድርጓል። ማታ ማታ ሲደውል «ውሃው የት ደረሰ?» እለዋለሁ፤ «ከታችኛው አላለፈም» ይለኛል። ትናንት ግን «ሁለተኛውን ነክቷል፤ ይቆማል» አለ። አክስቴ ዓለም በር ከተማ ስላለች ከብቶቹን ወደዚያ እናውጣቸው ብዬ ብነግረው «መንገድ ላይ ይቀራሉ» ብሎ አፌን አዘጋኝ። ውጣ በተባለ ቁጥር የሚመልሰው አንድ ነው፤ «የ1998ቱን ጎርፍ ቆጥ ላይ ተቀምጬ አሳልፌዋለሁ። ያኔ ግድብ አልነበረም፤ ዛሬ ርብ ተገድቧል። ሩዝ እንደሆነ ውሃ አይፈራም።» ግትር ነው፤ ሁልጊዜም ግትር ነበር። ታናሽ ወንድሜም አብሮት አለ፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ በወገቡ ውሃ ውስጥ እየሄደ ለከብቶቹ ሣር ያመጣል። ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ስለሚገባ እኔ ዘንድ ሆኖ ይማራል ተብሎ ነበር።

አሁን የጨነቀኝን ልንገርዎት። ታላቅ ወንድሜ «እናታችን ታማ ልትሞት ነው ብለን እንደውልለት፤ ያኔ ሳይወድ ይመጣል» ይላል። ባለቤቴም ይደግፈዋል። እኔ ስልኩን አነሣና አፌ አልታዘዝ ይለኛል። እናቴ በበኩሏ «እሱ ካልመጣ እኔ እመለሳለሁ» እያለች ነጠላዋን ማጣፋት ጀምራለች። በሁለት ክፍል ቤቴ እናቴና የወንድሜ ሚስት ከነልጆቿ ተጠግተዋል፤ ከልጆቹ አንዱ ተቅማጥ ጀምሮታል። የሚገርመው ደግሞ ከተማው ምንም አልሆነም። ገበያው እንደቆመ ነው፤ ሰው ቡና ይጠጣል፣ ይስቃል። ሻይ ስጠጣ እንኳ ነውር የሠራሁ ይመስለኛል።

ልዋሸው ወይስ ልተወው? እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

የወረታዋ ልጅ

መልስ

እህቴ፣

አትዋሺ። ይህን የምለው ውሸት ኃጢአት ነው ብዬ አይደለም፤ ነፍስ ለማዳን በተዋሸ ላይ ለመፍረድ የሚያበቃ ወንበር የለኝም። ስልኩ የሚደወለው ማታ ስለሆነ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው «ሚስትዎ ልትሞት ነው» ሲባሉ እስኪነጋ የሚቀመጡ ይመስላችኋል? በጨለማ ይነሣሉ። ሜዳው በሙሉ ውሃ ሲለብስ የወንዙ አፋፍ የት እንደሚያበቃ፣ ቦዩ የት እንደሚጀምር በቀንም አይለይም። ጉልበት ያልደረሰ ውሃ እንኳ ፈጥኖ ከፈሰሰ ሰው ይጥላል። ወንድምሽ ከውሃ ሊያወጣቸው ያሰበበት ዘዴ ውሃ ውስጥ የሚከታቸው ነው። በደኅና ቢደርሱ ደግሞ እናትሽን ምጣድ ላይ ተጎንብሰው ያገኟቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ በመጪዎቹ ክረምቶች የምትነግሯቸውን ማንኛውንም ነገር አያምኑም። እውነተኛ የክፉ ቀን ጥሪ የምታሰሙበትን አፍ አትጨርሱት።

ግትር ናቸው ብለሻል። እኔ ከደብዳቤሽ የማነበው ዘብ የቆሙ ሰው ናቸው። የሜዳችሁ የፎገራ ላም ምን ማለት እንደሆነች እኔ ላንቺ አልነግርሽም። ዝርያዋ በወተቷ በአገር የታወቀች፣ በዚያ ረግረግ ለመኖር የተፈጠረች ከብት ናት። እሷ አውድማ ላይ ታስራ፣ ጎታው በእህል ሞልቶ፣ ባለቤቱ ከተማ ገብተው ሶፋ ላይ ቢቀመጡ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ይመስልሻል? ስለዚህ «ውጣ» የሚለውን ክርክር ለጊዜው ተዉት። የያዛቸውን ነገር አውጡ፤ እሳቸው ከኋላው ይመጣሉ።

አክስትሽ ዓለም በር መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው። ክረምት ሲገባ ከብትን ከሜዳው ወደ ከፍታው መስደድ ለፎገራ ሰው አዲስ አይደለም፤ አባትሽም በወጣትነታቸው ሳይነዱ አይቀሩም። «መንገድ ላይ ይቀራሉ» ያሉት ለብቻቸው ሲያስቡት ነው። አውድማው ላይ የታሠሩት የእሳቸው ላሞች ብቻ ስላልሆኑ ጎረቤቶቹ በአንድነት፣ በደቦ ይንዱ። በጠዋት ይነሡ፤ መንገዱን የሚያውቅ ሽማግሌ ከፊት ይቅደም፤ ላሞቹ ጥጃቸውን አይተው እንዲከተሉ ጥጆቹ በጀልባ ወይም በሰው ትከሻ ይቅደሙ። ጎታው ከቆጡ በላይ የማይወጣ ከሆነ እህሉን በማዳበሪያ ከረጢት እያደረጋችሁ ወረታ አስገቡት። ታንኳ የደንገል ነገር ስለሆነች ሰውና እህል አንድ ላይ አትጫኑባት፤ ሞተር ጀልባ ከተገኘ እሱ ይሻላል። ቀበሌው የቀሩትን ሰዎች መዝገብ ይዞ እንደሆነ ጠይቂ፤ ካልያዘ አንቺው የአባትሽንና የጎረቤቶቹን ስም ጽፈሽ ስጫቸው። ጀልባ ሲመጣ ወደ ታወቀ ስም ነው የሚሄደው።

ወደ ክርክራቸው ልመለስ፤ ሳይመለስ ሊቀር አይገባውም።

የ1998ቱን አሳልፌዋለሁ ማለታቸው እውነት ነው፤ አከብረዋለሁም። በዚያ ክረምት ጎርፍ በሐምሌ ማብቂያ ድሬዳዋን በአንድ ሌሊት መትቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ በነሐሴ ደግሞ ኦሞ ሞልቶ ዳሰነች ውስጥ ከ360 በላይ ሰው ጠፋ። ጣና ዙሪያም ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደምቢያ በውሃ ተውጠው ሕዝቡ በአሥር ሺዎች ተፈናቅሏል። ግን ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍና የናንተ ሜዳ ውሃ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ደቻቱ በድንገት ወርዶ በሰዓታት ይሄዳል። የናንተው ቀስ ብሎ መጥቶ ይተኛል። ሰውን የሚያዘናጋውም ይህ ቀስታው ነው፤ አባትሽ «ይቆማል» የሚሉት እንደ እንግዳ ቁጭ ብሎ ስለሚያዩት ነው።

የማይቆምበት ምክንያት አለ። ርብም ጉማራም የሚነሡት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ነው። ወረታ ላይ ፀሐይ ወጥታ ጉና ላይ ዶፍ ሊወርድ ይችላል፤ እናንተ «አባራ» ስትሉ ውሃው ገና መንገድ ላይ ነው። ከላይ የተሸረሸረው አፈር ዓመት ካመት እየወረደ የርብን ወለል በደለል ስለሞላው ወንዙ ድሮ የሚይዘውን ያህል አይዝም፤ ትንሽ ሲሞላ ዳርቻውን ይጥሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጣና ራሱ ከፍ የሚለው በክረምቱ ማብቂያ፣ በመስከረም ነው። ሐይቁ ሲሞላ የሜዳው ውሃ የሚሄድበት ያጣል፤ ዝናቡ ቢያቆምም ሳምንታት ሊተኛ ይችላል። ግድቡን በተመለከተ፣ ርብ ላይ ያለው ግድብ ከበላዩ የሚመጣውን ይይዝ ይሆናል፤ ከበታቹ የሚገቡትን ጅረቶች ግን አይዝም፣ ጉማራም ሌላ ወንዝ ነው። ሩዝም ቢሆን ውሃ ይወዳል እንጂ ዓሣ አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ ሰጥሞ ቀናት ከቆየ ይበሰብሳል።

ይህን ሁሉ አንቺ ብትነግሪያቸው «ከተማ ገብታ አስተማሪ ሆነች» ይሉሻል። ስለዚህ የንስሐ አባታቸውን ወይም ከውሃው የወጣ የዕድሜ እኩያቸውን በስልክ አገናኚያቸው። ከሁሉ የሚበልጡት ደግሞ እናትሽ ናቸው። ወደ ውሃው ለመመለስ ነጠላ የሚያጣፉት የሚሠሩት ስለጠፋ ነው። ስልኩን ለእሳቸው ስጫቸው። «ና» አይበሏቸው፤ «ላሞቼን ዓለም በር አድርስልኝ» ይበሏቸው። እዚያ ቤት የወተቱ ጌታ ማን እንደሆነ አባትሽ ያውቃሉ። ከዚያ ምጣድሽን አስረክቢያቸው። እርሾ ተሸክመው የመጡት እንግዳ ሊሆኑ አይደለም።

የምሰሶው ምልክት በጣም ወድጄዋለሁ። ሰው በራሱ መለኪያ ሲዋዋል ቃሉን ይጠብቃልና በዚያው ተጠቀሙበት። «ውሃው የትኛው ምልክት ላይ ሲደርስ ትወጣለህ?» ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ራሳቸው ይምረጡ፣ እናትሽ ይስሙ። ከዚያ አንድ ምልክት ዝቅ አድርገሽ ተከራከሪ፤ ጀልባ ተጠርቶ በቀን ብርሃን ለመውጣት ጊዜ ያስፈልጋልና። ደግሞም ይህን ንገሪያቸው፤ ምልክቱ የውሃውን ከፍታ እንጂ የግድግዳውን ጤና አያሳይም። የጭቃ ቤት ከሥሩ ለቀናት ሲርስ እንጨቱ ይላላል፣ ምርጊቱ ይፈርሳል፤ አንዳንዱ የሚወድቀው ውሃው ከጎደለ በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት የምሰሶውንና የማገሩን ሥር በእጃቸው ይነቅንቁ። ከተነቃነቀ ሁለተኛ ምልክት፣ ሦስተኛ ምልክት የሚባል ነገር የለም። ቆጥ ላይ ሲወጡም መጀመሪያ በባትሪ ይዩ፤ ውሃ ሲመጣ እባብም ደረቅ ቦታ ይፈልጋል።

ስለ ልጁ ተቅማጥ ዛሬውኑ አድርጊ። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠሽ ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ አጠጪው፤ ከጤና ጣቢያ የኦ አር ኤስ ዱቄት ካገኘሽ እሱ ይቀድማል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም የሩዝ ማጠቢያ ውሃ ከመሰለ አንድ ሌሊት እንኳ አታሳድሪው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ሜዳው ላይ መጸዳጃ ጉድጓዱም የውሃ ጉድጓዱም በአንድ ውሃ ተሸፍነዋልና ከዚያ የመጣ ውሃ ሳይፈላ ወይም ውሃ ማከሚያው «ውሃ አጋር» ሳይጨመርበት አይጠጣ። ለአባትሽም ውሃ አጋሩን ላኪላቸው። ውሃው ሲጎድል ደግሞ ወባ ይነሣል፤ አጎበር ከአሁኑ አዘጋጂ።

ሻይሽን ጠጪ። እናትሽ የሚያርፉበት፣ ልጆቹ የሚደርቁበት፣ የአባትሽ ጥሪ የሚነሣበት ቤት የአንቺ ነው። ገበያው መቆሙም በጎ ነው፤ ከረጢቱና ስኳሩ የሚገዛው እዚያው አይደል?

አሁን አንቺ በአንድ መስመር ወዳለፍሽው ልምጣ። በደብዳቤሽ ሁላችሁም ስለ አባታችሁ ትሟገታላችሁ፤ በወገቡ ውሃ ውስጥ ሣር የሚያጭደውን ልጅ ግን ምን ይሻልሃል ያለው የለም። አባትሽ አርጅተው፣ አውቀው፣ መርጠው ነው የቀሩት። እሱ የቀረው አባቱን ትቶ መውጣት ስላሳፈረው ነው፤ ዋና ይችል አይችል እንኳ አልጻፍሽልኝም። እሱን ለምልክትም ለድርድርም አታቅርቡት። ሳሩን እስከዚያው ከጎረቤት ጎልማሶች አንዱ ያምጣላቸው፤ ዋጋው ቢሆን ከኪሳችሁ ይውጣ። ለአባትሽ የምትደውዪበት ምክንያት ካስፈለገሽ ደግሞ የአሥራ አንደኛ ክፍል ምዝገባ አለልሽ፤ ይህ እውነት ነው። የሚቀጥለው ጀልባ በቀን ሲመጣ ከነደብተሩ ይሳፈር።