መኪናችሁን ሳታውቁ ዕቃ አትዘዙ

ልጆቼ፣ መኪናችሁን ፈጣን ለማድረግ ስትነሱ መጀመሪያ የምትከፍቱት ስልካችሁን ነው። ፎቶውን ታያላችሁ፣ ዋጋውን ታያላችሁ፣ ልባችሁ ይሸፍታል። ይገባኛል። እኔም ዕድሜ ልኬን ከመለዋወጫ ጋር የኖርኩት ስለምወደው ነው። ግን ከባሕር ማዶ የመጣን ዕቃ መመለስ ከመግዛቱ ይከብዳል። ስለዚህ ከስልኩ በፊት ኮፈኑን ክፈቱ።

የሻንሲ ቁጥሩን ጻፉ። በአብዛኛው 17 ፊደልና አሃዝ ነው። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት ግን አጠር ያለ የራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ብዙ የሌላ አገር ሻጮች አያነቡትም። አሮጌው ዕቃ ላይ ያለውን የፓርት ቁጥርም ቅዱ። ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት መናገር ብቻ አይበቃም፤ አንድ ሞዴል በዚያው ዓመት ሁለት ዓይነት ፍሬን ሊኖረው ይችላል። መሪው በየት በኩል እንደሆነም ንገሩ። ለቀኝ መሪ የተሠራ የቱርቦ ማኒፎልድ (የሞተሩን ጭስ ወደ ቱርቦው የሚወስደው ቱቦ) ግራ መሪ መኪና ላይ ሲገጠም ከመሪው ዘንግ ጋር የሚጋጭበት ጊዜ አለ።

ቸርኬ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች 5ቱ ብሎኖቻቸው የተደረደሩት 114.3 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ነው። የብዙዎቹ የጀርመን ደግሞ 112 ነው። ልዩነቱ 2.3 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን አይለይም። ታግሎ ያስገባው ሰው ልክ የመጣ ይመስለዋል። ዳዶው ግን ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ ብሎኑ ወደ ጎን እንደተወጠረ ይኖራል። ቀስ በቀስ ይላላል፣ ሲብስም ይበጠሳል። እባካችሁ ይህን አትሞክሩት። የመሃል ቀዳዳው ቸርኬው የሚታሰርበት ሞዞ ላይ ልክ መቀመጡንም አረጋግጡ። ኦፍሴቱ፣ ማለትም ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚቀመጥበት ልክ፣ ከተሳሳተ ደግሞ ጎማው ወይ ፓራፋንጎውን ወይ ሾኩን ይነካል።

በቸርኬና በፍሬን ሸራ ላይ ርካሽ አታሳድዱ። ስማቸው የገነነ ብራንዶች ፎርጅድ ይሠራባቸዋል። ማኅተሙም፣ ካርቶኑም ይቀዳል። የአምራቹን ድረ ገጽ ከፍታችሁ ሻጩ በወኪሎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን እዩ። ከሌለ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ እለፉት።

የጭነት ሂሳብ ብዙዎችን ያስደነግጣል። በአየር ሲላክ የሚከፈለው በክብደት ብቻ አይደለም፣ በሚይዘው ቦታም ነው። ብዙ ድርጅቶች ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱን በሴንቲሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍላሉ። 150 በ60 በ40 የሆነ የፓራውልት ካርቶን ባዶ እንኳ ቢሆን እንደ 72 ኪሎ ይታሰባል። ትልቅና ቀላል ዕቃ በመርከብ ይምጣ።

ሻጩን «ኢንቮይሱ ላይ ዋጋውን ቀንስልኝ» አትበሉት። ጉምሩክ ከደረሰበት ቅጣት አለው፤ ዕቃው መንገድ ላይ ቢሰበር ደግሞ ኢንሹራንሱ የሚያየው ያንኑ ወረቀት ነው። በብዙ አገር ቀረጥ የሚሰላው የጭነትና የኢንሹራንስ ወጪ ተደምሮበት መሆኑንም አስቀድማችሁ አስሉ።

ካርቶኑ ሲደርስ ከመቅደዳችሁ በፊት በሁሉም በኩል ፎቶ አንሱት። የተጨፈለቀ ጎን ካለው ስትፈርሙ እዚያው ወረቀቱ ላይ አስጽፉ። ከዚያ አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስቀምጡና ቀዳዳ በቀዳዳ አመሳክሩ። አንዴ ከተገጠመ ዕቃውን መልሶ የሚቀበል ሻጭ ማግኘት ከባድ ነው።