መቀመጫው ትንሽ ከፍ ይበል፣ እግርዎ ግን መሬት ይደርሳል

ጥያቄ፦ «በመንዝ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ56 ነው። መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ የመስክ ሞተር ብስክሌት መቀመጫው ከመሬት 84 ሳንቲ ሜትር ስለነበረ፣ ስቆም መሬት የሚነካው የአንድ እግሬ ጣት ብቻ ነበር። ቆሜ ሳለሁ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። አንድ መቀመጫ የሚሰፋ ባለሙያ ስፖንጁን 5 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ ዝቅ አደረገልኝ። እግሬ አሁን ትንሽ ተሽሎታል፤ ግን ግማሽ ሰዓት ከነዳሁ በኋላ መቀመጫዬን ያቃጥለኛል፣ ጭኔም ይደነዝዛል። ሌላ 2 ሳንቲ ሜትር ይቆረጥ ወይስ የኋላውን ሞላ የያዘው አሞርዛተር ይውረድ?»

ለጊዜው ሁለቱንም አያስደርጉ። ከደብዳቤዎ ጋር የላኩትን ፎቶግራፍ ደጋግሜ አየሁት። ሰፊው መካከሉን እንደ ገበቴ ጎድጉዶታል። አልፈርድበትም፤ እኔም በጀማሪነቴ ስንቱን መቀመጫ እንደዚያ አድርጌ አበላሽቻለሁ። ደንበኛው «ዝቅ አድርግልኝ» ይላል፣ ቢላዋ ይነሳል፣ የሚቀመጥበት ቦታ ይቦረቦራል፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል። በሳምንቱ ፊቱን አጨማዶ ይመለሳል።

የሚያቃጥልዎት ምን እንደሆነ ለማወቅ ጠንካራ ወንበር ላይ መዳፍዎን ከሥርዎ አድርገው ይቀመጡ። ሁለት ጠንካራ አጥንቶች እጅዎን ይጫኑታል። የሰው ክብደት ሲቀመጥ በአብዛኛው የሚያርፈው በእነዚህ ላይ ነው፤ በመካከላቸው እንደየሰዉ ከ10 እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ርቀት አለ፣ በሴቶች ደግሞ ሰፋ ይላል። የእርስዎ መቀመጫ 8 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ኖሮት 5ቱ ከተቆረጠ፣ ከአጥንቶቹ ሥር የቀረው 3 ነው። ያ 3 ሳንቲ ሜትር ለስላሳ ስፖንጅ ሲቀመጡበት ይሟሽሽና እርስዎ የተቀመጡት ከሥሩ ባለው ፕላስቲክ ላይ ይሆናል። ካላመኑኝ ጉድጓዱ ውስጥ በአንድ ጉልበትዎ ተንበርክከው ሙሉ ክብደትዎን ይጣሉበት፤ የሥሩን ጠርዝና መስመር ጉልበትዎ ይነግርዎታል። ጭንዎ የሚደነዝዘው ደግሞ በጉድጓዱ ከንፈር ምክንያት ነው። ወገብዎ ሲወርድ ያ ከንፈር ከጭንዎ ሥር እንደ ገመድ ይይዝዎታል፤ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ፈቀቅ ማለት አይችሉም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰው ሁሉ ስለ መቀመጫ ቁመት ይጠይቀኛል፤ ስለ ስፋቱ የሚጠይቀኝ የለም። እግር ከወገብ ወደ መሬት ቀጥ ብሎ ቢወርድ ሙሉ ርዝመቱን ያገለግላል። መቀመጫው ከፊት በኩል ሰፊ ከሆነ ግን ጭኑን ወደ ውጭ ይገፈትረዋል፣ እግሩም ተንጋዶ ይወርዳል። በቁጥር እንየው። የእግርዎ ርዝመት ከብልትዎ ሥር እስከ ተረከዝዎ 72 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ተረከዝዎ ከመካከሉ 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ከወጣ፣ ወደ ታች የሚደርሰው 67 ተኩል ብቻ ነው። 18 ሳንቲ ሜትር ከወጣ ግን ወደ 70 ይጠጋል። ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ትርፍ፣ ያውም ከተቀመጡበት ቦታ አንዲት ቅንጣት ስፖንጅ ሳይነሳ። ለዚህ የሚያስፈልገው ጭንዎ የሚነካውን የመቀመጫውን የጎን ጠርዝ በየጎኑ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ማሳሳት ነው፤ ከላይ ትንሽ የጠበበው ከታች ተረከዙ ጋ ሲደርስ ብዙ ይሆናል። አባቴ የበቅሎ ኮርቻ ይሠራ ነበርና ይህንን ከእኔ በፊት ያውቀው ነበር። ኮርቻ ሊሞክር የመጣውን ሰው አስቀምጦ መጀመሪያ የሚያየው ጉልበቱን ነበር።

ስለዚህ የምመክርዎ መቀመጫውን እንደገና ማሠራት ነው፤ ከተቀመጡበት ቦታ ትንሽ ከፍ፣ ከፊት ጠበብ።

ከዚያ በፊት ግን ገንዘብ የማያስወጣውን ይሞክሩ። የመሥሪያ ቤት ሞተሮች ብዙ ጊዜ ሁለት ሰውና ጭነት እንዲሸከሙ የኋላ ሞላቸው እስከ መጨረሻው ተጠብቆ ይገኛል። አንድ ሰው ሞተሩን ከኋላ አንሥቶ ይያዝልዎትና ከኋላ ጎማው መካከል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ አንድ ምልክት ድረስ ይለካ። ቀጥሎ የሥራ ልብስዎንና ቦርሳዎን ይዘው ይቀመጡና እንደገና ይለካ። የኋላ ጎማው ከላይ እስከ ታች የሚንቀሳቀሰው 18 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ እርስዎ ሲቀመጡ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ጤነኛ ነው። 3 ወይም 4 ብቻ ከወረደ ሞላው ለእርስዎ ክብደት ጠብቋል ማለት ነው። ባለ ሁለት አሞርዛተር ከሆነ በሞላው ሥር ያለውን ባለ ደረጃ ቀለበት አንድ ወይም ሁለት ደረጃ መመለስ ነው፤ ባለ አንድ አሞርዛተር ከሆነ ሁለቱን ክብ ዳዶዎች ማላላት። አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ከዚህ ብቻ ሊያገኙ ይችላሉ። ከልክ በላይ ካላሉት ግን ጉድጓድ በዘለሉ ቁጥር ከታች ይጋጫል።

አሞርዛተሩን ራሱን በአጭር መቀየር ወይም የፊት ጎማውን የሚይዙትን ዘንጎች ወደ ላይ መግፋት የሚሉትን ግን በእናንተ አካባቢ አልወደውም። ከኋላ ብቻ ዝቅ ካለ መሪው ይከብዳል፣ መብራቱ ሰማይ ያያል፣ የጎን መቆሚያውም ስለሚረዝም ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና በነፋስ ወደ ቀኝ ይወድቃል። ከፊት ዝቅ ሲል ደግሞ ጎማውና ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ይቀራረባሉ። የመንዝን ዋልካ በክረምት የነዳ ሰው የተጣበቀ ጭቃ ጎማ እንዴት እንደሚያስር ያውቃል። ከሥሩ ለድንጋይ የሚተርፈው ክፍተትም ይቀንሳል።

ወደ ስፖንጁ እንመለስ። የፍራሽ ስፖንጅ አይግዙ። ሲነኩት ደስ ይላል፤ በወሩ እንጀራ ይሆናል። ሻጩን ስለ ልስላሴ ሳይሆን ስለ ክብደት ይጠይቁት፤ አንድ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎ ይመዝናል? 60 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነውን ይፈልጉ። ቁጥሩን የሚያውቅ ሻጭ ካጡ፣ ከቁርጥራጭ ተጨምቆ የተሠራውን ባለ ብዙ ቀለም ስፖንጅ ይያዙ፤ ለሥረኛው ንብርብር እኔም የምመርጠው እሱን ነው። 3 ሳንቲ ሜትር ከእሱ፣ በላዩ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ለስለስ ያለ። ይህ ቀጥ ያለ ሜዳ ይሁን እንጂ ገበቴ አይሁን፤ አጥንቶቹ በሚያርፉበት በኩል ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። ከዚያ ወደ ፊት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሄዶ መጥበብ ይጀምር፤ ወደ ነዳጅ ታንኩ ሲደርስ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። መቀመጫውን ገልብጠው የፕላስቲኩን ስፋት አስቀድመው ይለኩ፤ ስፖንጁ ከፕላስቲኩ ጠርዝ 1 ሳንቲ ሜትር ማለፍ አለበት፤ አለዚያ ጠርዙ ጭንዎን ይቆርጣል። ከኋላዎ ከፍ የሚለውን የስፖንጁን ደረጃም ወደ ኋላ 5 ሳንቲ ሜትር ያስቆርጡት፤ ረጅም መንገድ ላይ ፈቀቅ የሚሉበት ቦታ ይኑርዎ።

ሒሳቡን ልናገር፤ አልሸሽገዎትም። ጠንካራው ስፖንጅ እንደ ድሮው ስለማይሟሽሽ አሁን ከሚቀመጡበት በ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላሉ። ከመጥበቡ 2 ገደማ፣ ከሞላው 1 ተኩል ያገኛሉ። ሶሉ ወፍራም የሆነ ቡትስ ከጨመሩበት ሌላ 1 ወይም 2። በድምሩ እግርዎ ከዛሬው ይልቅ ወደ መሬት ይቀርባል፣ መቀመጫዎንም አያቃጥልዎትም።

ሲያሠሩ ሰፊው አጠገብ ይሁኑ። ማስቲሹን በስፖንጁ ፊት ሁሉ እንዳይቀባ ይንገሩት፤ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይጠነክርና ከሥርዎ ይሰማዎታል። ጠርዝ ጠርዙ ይበቃል። ስፌቱ ከሚቀመጡበት ቦታ ውጭ ይሁን፤ መርፌው የበሳው ቀዳዳ ሁሉ ዝናብ ይጠጣል፣ የጠጣ ስፖንጅ ደግሞ በማግስቱ ፀሐይ ቢወጣም ሱሪዎን ያረጥባል። ሰው ሠራሹን ቆዳ ከመወጠሩ በፊት ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ያሰጣው፤ ሳይሞቅ የተወጠረ ቆዳ ከኋላ ይሸበሸባል።

ለቅዝቃዜውና ለመንቀጥቀጡ በላዩ የበግ አጎዛ ያድርጉበት። በእናንተ አገር ይህ አይጠፋም። ጠጉሩን ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይከርክሙት፤ ሲቀመጡበት ስለሚተኛ ቁመት አይጨምርም ማለት ይቻላል፣ ከሥር አየር ያስገባል፣ ላብ አያሳድርም። ዝናብ ሲመጣ አንሥተው ቦርሳ ውስጥ ያስገቡት። ጄል የሚባለውን ግን እኔ ለማንም አልሠራም፤ ፀሐይ ላይ ከቆመ እንደ ምጣድ ያቃጥላል፣ ዝቅም አያደርግም።

የወደቁባቸውን ሁለት ቀናት ሳስብ ደግሞ፣ ሁለቱንም እግር ለማድረስ እየሞከሩ የነበረ ይመስለኛል። የሚያስፈልገው አንድ እግር ነው፤ ግን በጣት ሳይሆን በሙሉ መርገጫ። ሊቆሙ ሲሉ ወገብዎን ከመቀመጫው ወደ ግራ ያንሸራቱ፣ የግራ እግርዎን ይትከሉ፣ ቀኙ የኋላ ፍሬኑን ይያዝ። ዳገት ያለበት መንገድ ላይ ከፍታው በግራዎ በኩል እንዲሆን አድርገው ይቁሙ፤ አፈሩ ወደ እርስዎ ይመጣል።

ንብረቱ የመሥሪያ ቤት ስለሆነ ከተቻለ አሮጌ መቀመጫ ከመለዋወጫ ሻጮች ገዝተው ሥራውን በእሱ ላይ ያሠሩ፣ የሞተሩንም ዋና መቀመጫ በንብረት ክፍል ያስመዝግቡ። ከእርስዎ ቀጥሎ የሚረከበው 1 ሜትር ከ85 ሊሆን ይችላል። አዲሱንም ወዲያው በስቴፕለር አያስመቱት። ቆዳውን ለጊዜው በፕላስተር አስይዘው አንድ ሳምንት ቀበሌዎቹን ይዙሩበት፤ የሚጎረብጠውን ቦታ በጠመኔ ምልክት እያደረጉ ይመለሱና ሰፊው በአሸዋ ወረቀት ያስተካክለው። ከዚያ ይመታ፤ ሽቦው 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሁን፤ ረጅሙ ፕላስቲኩን በስቶ ወደ ላይ ይወጣል።