ስቴንት ለገባላቸው ሰው እንቅስቃሴና ነጻ ራዲካል፦ ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ

«አባቴ የልብ ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ቧንቧን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ከገባላቸው ሁለት ወር ሆኗቸዋል። እንቅስቃሴ ነጻ ራዲካል አብዝቶ ልብ ይጎዳል፣ ከሠሩም ቫይታሚን ሲና ኢ ይውሰዱ ተባልን» ላልሽው እህቴ፦

የሰማችሁት ግማሹ እውነት ነው። በእንቅስቃሴ ሰዓት ነጻ ራዲካል፣ ማለትም ሴሎችን ሊጎዳ የሚችል ያልተረጋጋ ሞለኪውል፣ ይጨምራል። ግን መጠነኛው ጭማሪ ራሱ ነው የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅሰው፤ ልምምዱ ሲደጋገም ነጻ ራዲካልን የሚያከሽፉት ኢንዛይሞች፣ ለምሳሌ ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ፣ ይበረታሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ 4 ሳምንት እንቅስቃሴ በሠሩ የልብ ደም ቧንቧ ሕመምተኞች ላይ፣ በቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ነጻ ራዲካል የሚያመነጨው ኢንዛይም ቀንሶ ተገኝቷል።

ጉዳቱ የሚመጣው ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጦ ቆይቶ አንድ ቀን እስኪያለከልክ ድረስ በመሮጥ ነው። መከላከያው ሳይዘጋጅ ጫናው ይቀድመዋል፤ ላልለመደ ሰው ድንገተኛ ከባድ ጥረት የልብ ምት መዛባትና ድንገተኛ የልብ ጥቃትም ሊያስነሳ ይችላል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ነጻ ራዲካልን ያከሽፋሉ ተብለው የሚወሰዱት የቫይታሚን ሲና ኢ ክኒኖች ምክር ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ጤነኛ ወጣቶች በየቀኑ 1000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲና 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ እየወሰዱ ሲሠሩ፣ እንቅስቃሴው የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ኢንሱሊን አሠራር የሚሰጠው ጥቅም ጠፍቷል። በልብ ሕመምተኞች ላይ ደግሞ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ የልብ ጥቃትን አልቀነሰም። አትክልትና ፍራፍሬ ግን ይብሉ። ሐኪም ለእጥረት ያዘዘው ቫይታሚን ካለም ሳትጠይቁ አታቋርጡ።

ሐኪማቸው ከፈቀዱላቸው፦ 5-10 ደቂቃ ሰውነት ማሟሟቅ፣ 20-30 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ከዚያ 5-10 ደቂቃ እያዘገሙ መጨረስ፤ በሳምንት 5 ቀን። ከደከማቸው መጀመሪያ 10 ደቂቃ በቀን ሁለቴ ይበቃል። ጉዞውን ድንገት ማቋረጥ ደሙ እግር ላይ እንዲቀርና እንዲያዞራቸው ስለሚያደርግ እያዘገሙ መጨረሱን አይዝለሉ።

ቢሶፕሮሎል ወይም አቴኖሎል የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የልብ ምት ቆጥሮ ፍጥነትን መለካት ያታልላል፤ መድኃኒቱ ምቱን ያዘገየዋል። እየሄዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃታቸው፣ ልክ ናቸው።

ደረት ካመማቸው ወዲያው እንቅስቃሴውን ያቁሙና ይቀመጡ፤ የታዘዘላቸውን ናይትሮግሊሰሪን (የደም ቧንቧን የሚያሰፋ መድኃኒት) ከምላስ ሥር ያድርጉ። በ5 ደቂቃ ካልተሻላቸው ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ትኩሳት ባለበት ቀን አይሠሩም። ሁለት ሳምንት ካቋረጡ ደግሞ ካቆሙበት ሳይሆን ከግማሹ ይጀምሩ።