ከአባትሽ ባንድ ጋር ጉዞ ከመጀመርሽ በፊት

ሰላም እህቴ፤

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። አዲስ አበባ ተወልደሽ በ12 ዓመትሽ ወደ አየርላንድ፣ ጎልዌይ ሄድሽ። እናትሽ የጎንደር ሰው ናቸው፣ አባትሽ አይሪሽ። አሁን 23 ዓመትሽ ነው፣ በአካውንቲንግ ልትመረቂ ነው፣ አንድ የሒሳብ ቢሮም የሥልጠና ኮንትራት ሰጥቶሻል። በሌላ በኩል ቤታችሁ ራሱ ባንድ ነው። አንቺ ቫዮሊን፣ ወንድምሽ ፍሉት፣ አባትሽ ቡዙኪ (ባለ ረጅም አንገት የክር መሣሪያ) ትጫወታላችሁ፣ ታናሽ እህትሽ ትዘፍናለች። እስካሁን ሠርግና መጠጥ ቤት ነበር የምትሠሩት። አሁን ግን አባትሽ አያታቸው የተወለዱበትን የዶኔጋልን (በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ ያለ አውራጃ ነው) ዜማ ፈልገው፣ የቤተሰቡን የኬልቲክ (እንደ አይሪሽና ስኮትላንዳዊ ያሉ ሕዝቦች የጋራ ባህል) ሥረ መሠረት የሚተርክ አልበም አውጥተው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ልንዞር ነው ብለዋል። ቢሮውን ተይው ብለውሻል። አንቺ ደግሞ «ይሄ ሥራ ነው ወይስ የቤተሰብ ጨዋታ? ደግሞስ መልኬን አይቶ የዶኔጋል ልጅ ነች ብሎ ማን ይቀበለኛል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ሥራ ነው። ችግሩ እናንተ ቤት ገና እንደ ሥራ አልተያዘም። ከጻፍሽው እንደገባኝ፣ የሠርጉ ክፍያ አባትሽ ኪስ ይገባል፣ ነዳጅ ይሞላበታል፣ የሙዚቃ መሣሪያ ክር ይገዛበታል፣ ሁላችሁም ትበሉበታላችሁ፣ አለቀ። ለቅዳሜ ማታ ይሄ ምንም አይደለም። ለአንድ ዓመት ግን አይሆንም።

ከዚያው ከዶኔጋል የወጡትን ክላናዶችን ታውቂያቸዋለሽ። (ዓመቶቹንና ወራቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) የግዊዶር ልጆች ናቸው፣ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት ከሁለት መንታ አጎቶቻቸው ጋር። በአባታቸው መጠጥ ቤት ውስጥ እየተጫወቱ አደጉ፣ በ1970 ባንድ ሆኑ፣ የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው በ1973 ነው። ለአንድ የቴሌቪዥን ድራማ በአይሪሽ ቋንቋ የሠሩት ዜማ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 5ኛ ደረጃ ላይ የወጣው ደግሞ በ1982። ቁጥሩን አስቢው። 12 ዓመት ነው። አባትሽ የያዙት ዕቅድ አንድ ዓመት ነው። ታናሽ እህታቸው ኤንያ ደግሞ በ1980 ገብታ በ1982 ወጣች፣ የዓለም ዝናዋን ያገኘችው ከዚያ በኋላ ለብቻዋ ነው። በካናዳ ኬፕ ብሪተን፣ ማቡ ከምትባል መንደር የወጣው የስኮትላንድ ዘር ያለው የራንኪን ቤተሰብም እንዲሁ። በ1989 ካሴታቸውን ራሳቸው አሳተሙ፣ ታዋቂ ሆኑ፣ በ1999 ባንዱን አቁመው እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ሄደ።

ይሄን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። በቤተሰብ ባንድ ውስጥ ሰው መግባቱም መውጣቱም የተለመደ ነው። ስለዚህ መውጫው ከመግቢያው በፊት ይነገር። የመጀመሪያው የአውሮፕላን ትኬት ከመቆረጡ በፊት አራታችሁ ተቀምጣችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። ከገቢው መጀመሪያ ምን ወጪ ይቀነሳል? የተረፈው ለአራት እኩል ይከፈላል ወይስ አባትሽ ሥራ ስለሚያፈላልጉ ይበልጣል? አንድ ሰው ቢወጣ የባንዱ ስም ከማን ጋር ይቀራል? እናትሽ መኪና ይነዳሉ፣ ሲዲ ይሸጣሉ፣ ልብስ ያዘጋጃሉ ብለሻል። እሳቸውስ ይከፈላቸዋል? ይሄ ጥያቄ ደብዳቤሽ ውስጥ የለም፣ እኔ ግን ብጠየቅ መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነው። የሳቸው ድካም በሒሳቡ ውስጥ ካልገባ ባንዱ ያተርፍ አያትርፍ ማወቅ አትችሉም።

የቅጂ መብቱንም አትርሱት። የድሮ ዜማ የማንም ንብረት አይደለም፣ እናንተ ያቀናበራችሁበት መንገድ ግን የእናንተ ነው። ኢምሮ በሚባለው የአየርላንድ የሙዚቃ መብት ማኅበር ቅንብሩን በስማችሁ ማስመዝገብ ይቻላል። በማን ስም? ወንድምሽ በጆሮው ያቀናበረው ሁሉ በአባትሽ ስም ከተመዘገበ፣ ዛሬ ማንም አይከፋውም፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን እራት ላይ አንድ ቀን ይነሳል። ግብሩን ደግሞ ከሁሉም በላይ የምትረጂው አንቺ ነሽ። አየርላንድ ውስጥ ለሥነ ጥበብ ሰዎች ያለው የገቢ ግብር ነፃነት በዓመት እስከ 50,000 ዩሮ ድረስ ለፈጠራ ሥራ ነው፣ አዲስ ዜማ ለሚደርስ ሰው። መድረክ ላይ ተጫውታችሁ የምታገኙት ክፍያ እዚያ ውስጥ አይገባም። ብዙ ሙዚቀኛ ይህን ሳያውቅ ዓመቱ ያልቅበታል። አንቺ እዚያ ቤት ውስጥ ቫዮሊን ብቻ አይደለሽም፣ የባንዱን መዝገብ መያዝ የምትችይ ብቸኛዋ ሰው ነሽ። ያንን በይፋ የሥራ ድርሻሽ አድርጊው፣ ስሙም ውሉ ላይ ይግባ።

አሁን ወደ ልብሽ ጥያቄ ልምጣ። ማን ይቀበለኛል ላልሽው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ከመድረክ ስትወርጂ «ከየት ነሽ? ማለቴ ከመሠረቱ?» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። መልስሽን ቀድመሽ ያዢ፣ ታሪኩን መድረክ ላይ ማን እንደሚናገርም በቤት ውስጥ ተስማሙ። ሁልጊዜ አባትሽ እየተናገሩ እናንተ ከኋላ የምትቆሙ ከሆነ ሰው የሳቸውን ታሪክ ሰምቶ ነው የሚሄደው። ሙዚቃው ራሱ ግን እንደሚወራው በር የዘጋ አይደለም። አባትሽ የያዙት ቡዙኪ የግሪክ መሣሪያ ነው፣ አይሪሽ ሙዚቃ ውስጥ የገባው በ1960ዎቹ ነው። ዛሬ ብዙ ባንድ ውስጥ ታገኚዋለሽ። የዶኔጋል ቫዮሊን አጨዋወትም፣ ያ አጭርና ፈጣን የቀስት ምቱ፣ የስኮትላንድ እጅ አለበት። የዶኔጋል ሰዎች ለድንች ለቀማ በየወቅቱ ወደ ስኮትላንድ እየተሻገሩ ይሠሩ ነበር፣ ሲመለሱ ዜማም ይዘው ይመጡ ነበር። ሥራ ፍለጋ የሄደ ሰው ይዞት የመጣ ሙዚቃ ነው። ጆን ዶኸርቲን ፈልገሽ ስሚ። በ1980 ያረፈ፣ ከቦታ ቦታ እየዞረ ቆርቆሮ የሚሠራ ሰው ነበር፣ በየደረሰበት ቤት ቫዮሊን ይጫወታል። አንድ ዜማ መርጠሽ፣ ኖታ ሳታዪ፣ ቀስቱን እስክትለዪው ድረስ ስሚው። በሴሽን (ሙዚቀኞች ተሰብስበው አብረው በሚጫወቱበት) ላይ ሰው የሚያከብርሽ ዜማውን ማን እንዳስተማረሽና ከማን እንደሰማሽው መናገር ስትችይ ነው።

«ሥረ መሠረት» የምትሉትንም በወረቀት አጥብቁት። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሕዝብ ቆጠራ አብዛኛው ጠፍቷል፣ ከፊሉ በ1922 የደብሊን መዝገብ ቤት ሲቃጠል፣ ከፊሉ ከዚያ በፊት በመንግሥት ትእዛዝ፣ የ1901ና የ1911 ግን ሙሉ በሙሉ አለ፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በነፃ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጦታል። የአባትሽ አያት በ1911 ልጅ ከነበሩ የቤታቸውን ቅጽ ፈልጊው። በአባወራው እጅ የተፈረመ ገጽ ነው፣ መጻፍ የማይችለው ምልክት ብቻ አድርጎበታል። በተርታ ስም፣ ዕድሜ፣ ማንበብና መጻፍ ይችል እንደሆነ፣ ሙያው፣ የትኛውን ቋንቋ እንደሚናገር። አንድ ሕፃን አይሪሽ ብቻ ይናገራል ተብሎ ተጽፎ ካገኘሽ፣ እህትሽ የምትዘፍነው ዘፈን ከየት እንደመጣ ያኔ ለተመልካች ማሳየት ትችያለሽ። ከዚያ በ1937 እና በ1939 መካከል የትምህርት ቤት ልጆች ከሽማግሌዎች የሰበሰቡት ተረትና ታሪክ አለ፣ እሱም በየትምህርት ቤቱ ተከፋፍሎ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ለዜማው ደግሞ ደብሊን፣ ሜሪየን ስኩዌር ያለው የአይሪሽ ባህላዊ ሙዚቃ መዝገብ ቤት። በሩ ለማንም ክፍት ነው፣ ሠራተኞቹ ቀና ናቸው፣ ጥያቄሽን አዘጋጅተሽ ሂጂ። ይሄ ሁሉ ለአልበሙ ብቻ አይደለም። የድጋፍ ገንዘብ ስትጠይቁ «ቅድመ አያቶቻችን ኬልቶች ነበሩ» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ የመንደሩን ስም፣ የቤቱን ቅጽና የዜማውን ምንጭ የያዘ ማመልከቻ ነው የሚነበበው።

ገንዘብ ስንል፣ መንግሥት በ2022 ለ2,000 የጥበብ ሰዎች በሳምንት 325 ዩሮ የሚከፍል ሙከራ ጀምሮ ነበር። የተመረጡት በዕጣ ነው። በዕጣ ላይ ዓመትሽን አትሥሪ።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። የእናንተ ሙዚቃ ገበያ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። በአየርላንድ ትልቁ የባህላዊ ሙዚቃ በዓል፣ ፍላ፣ ነሐሴ ውስጥ ነው፣ በፈረንሳይ፣ ብሪታኒ ውስጥ ሎሪየን የሚደረገው የኬልቲክ ፌስቲቫልም ነሐሴ ላይ ነው፣ የግላስጎው ሴልቲክ ኮኔክሽንስ ፌስቲቫል ደግሞ ጥር ውስጥ። የሒሳብ ቢሮዎች ሠልጣኝ የሚቀበሉት አብዛኛውን ጊዜ በመከር ነው። ስለዚህ ተመርቀሽ ክረምቱን (ከሰኔ እስከ ነሐሴ ማለቴ ነው) በሙሉ ልብ ዙሪ፣ አልበሙን ቅጂ፣ ከዚያ ቢሮው ግቢ፣ ጥር ላይ የዓመት ፈቃድ ውሰጂ። ዓመቱን ሙሉ ከቢሮው መቅረት አያስፈልግሽም። ክረምቱ ሲያልቅ ራስሽ የያዝሽውን መዝገብ ክፈቺ። ባንዱ እናትሽን ጨምሮ ለሁላችሁም ከከፈለና ከተረፈ፣ ስለ ሙሉ ጊዜ ያኔ በቁጥር ተነጋገሩ። ማስተማር ከፈለግሽ ደግሞ ሊመሪክ ዩኒቨርሲቲ በአይሪሽ ባህላዊ ሙዚቃ አጨዋወት ማስተርስ ይሰጣል፣ እሱ ከሦስት ዓመት በኋላም አይጠፋም።

እናትሽ ክራር ይግባ ማለታቸውን ወድጄዋለሁ፣ አባትሽ «ይበላሻል» ያሉት ግን ገና ሳይሞከር ነው። ከላይ ስለ ቡዙኪ የጻፍኩትን አሳዪያቸው። ግን ሳትቸኩሉ። መጀመሪያ የዶኔጋሉን ዜማ በደንብ ቻሉት፣ ከዚያ ክራሩን አንድ ዘገምተኛ ዜማ ላይ ሞክሩት፣ ካልሆነም ይቅር።

ለአባትሽ የምትይውን ደግሞ አታርዝሚው። እምቢ ብለሽ አትጀምሪ። «አባዬ፣ ክረምቱን ሙሉ አብሬህ ነኝ፣ የአያትህን ቅጽም የምፈልገው እኔ ነኝ፣ ሒሳቡንም እኔ እይዛለሁ። ቢሮውን ግን አልተውም» በይው። ከዚያ ወረቀቱን አውጥተሽ አብራችሁ ጻፉ። ወንድምሽና እህትሽ ባሉበት ይሁን፣ እነሱም የሚሉት ሳይኖራቸው አይቀርም።

አንድ ነገር አልነገርሽኝም። ቢሮው እስከ መቼ መልስ እንደሚጠብቅ። ዛሬውኑ ኮንትራቱን አውጥተሽ ቀኑን እዪ፣ መጀመሪያው ቀን በሁለት ሦስት ሳምንት ይገፋ እንደሆነም በኢሜይል ጠይቂያቸው። ብዙ ቢሮ በቂ ምክንያት ከቀረበለት እሺ ይላል። የሚሉሽን ጻፊልኝ።