ከመሰረዝ በፊት ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ማወቅ

ሰላም እህቴ፤ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንደሆንሽ፣ ሁለት ብጥብጦች ሲቀላቀሉ ምን እንደሚፈጠር አስቀድሞ መናገር እንደሚያስቸግርሽ፣ እሱን ብታልፊው እንኳ ኔት አዮኒክ ኢኩዌሽን (ሳይለወጡ የሚቀሩት አዮኖች፣ ማለትም ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች፣ ተሰርዘው የተለወጠው ብቻ የሚጻፍበት እኩልታ) ላይ ስትደርሺ ከሁለት አንዱን እንደምትስቺ ጽፈሻል። በምሳሌነት ያቀረብሽውም አሴቲክ አሲድ ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ሲቀላቀል «ሃይድሮጅን አዮን እና ሃይድሮክሳይድ አዮን ውሃ ይሰጣሉ» ብለሽ ጽፈሽ ለምን ዜሮ እንደተሰጠሽ ነው። እኔ ይህንን ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ከ10 ዓመት በላይ አስተምሬያለሁ፤ ያንቺን ስህተት ደግሞ ራሴ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ እዚያው አሴቲክ አሲድ ላይ ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ መልሴ ቢረዝም ታገሺኝ።

ውህዶቹን በምልክት ሳይሆን በስማቸው ነው የምጽፋቸው። በስልክ ስጽፍ ትንንሾቹ ቁጥሮች ቦታቸውን ይለቁብኛል፤ ዋናው ምክንያቴ ግን ተማሪ ምልክት ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የሚሠራው እጁ ብቻ መሆኑን፣ ስሙን ሲጠራ ግን ስለ ነገሩ ለማሰብ እንደሚገደድ በማየቴ ነው።

አብዛኛው ተማሪ የሚሳሳተው በሁለቱም ወገን ያሉትን አዮኖች ሲሰርዝ ይመስለዋል። ካረምኳቸው ወረቀቶች እንደተረዳሁት ግን ጥፋቱ የሚፈጸመው ከመሰረዙ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ፣ ውህዶቹ ወደ አዮን ሲበተኑ ነው። ተማሪው በግራም በቀኝም ያገኘውን ሁሉ ይበትናል፤ ከዚያ በኋላ በጥንቃቄ ቢሰርዝም የሚቀረው ነገር በብርጭቆው ውስጥ ያልተፈጸመ ታሪክ ይሆናል። ስለዚህ አንድን ውህድ ከመበተንሽ በፊት የምትጠይቂው ጥያቄ «ይህ ነገር አሁን ውሃው ውስጥ ያለው በምን መልክ ነው?» የሚል መሆን አለበት። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ስም መልሱን አይነግርሽም።

እዚህ ላይ መሟሟትና መበተን አንድ አለመሆናቸውን ልብ በይ። ስኳር ሻይ ውስጥ ሙልጭ ብሎ ይሟሟል፤ ነገር ግን አንድም አዮን አይወጣውም፣ ሞለኪውሉ እንዳለ ነው የሚዋኘው። አሴቲክ አሲድም እንዲሁ በውሃ በደንብ ይሟሟል፤ ሆኖም 0.1 ሞላር በሆነ ብጥብጥ ውስጥ ከ100 ሞለኪውሎቹ የሚበተነው አንድ ገደማ ብቻ ነው። የቀሩት 99ኙ ሃይድሮጅናቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመርበት ሃይድሮክሳይድ አዮኑ የሚያገኘው በነጻ የሚንቀሳቀስ ሃይድሮጅን አዮን አይደለም፤ ከሞለኪውሉ ላይ መንጠቅ አለበት። ትክክለኛው አጻጻፍ እንግዲህ ይህ ነው፦

አሴቲክ አሲድ + ሃይድሮክሳይድ አዮን (1−) → አሴቴት አዮን (1−) + ውሃ

የሚሰረዘው ሶዲየም አዮን ብቻ ነው። አንቺ የጻፍሽው ለሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ነጥብ ያሰጥሽ ነበር።

ይህ ልዩነት የመምህራን ክፋት የሚመስላቸው ተማሪዎች ስላሉ፣ በቴርሞሜትር የሚታይ መሆኑንም ልጨምር። ሃይድሮክሎሪክ አሲድን ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር፣ ናይትሪክ አሲድን ደግሞ ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ብትቀላቅዪ፣ አራቱም ጠርሙሶች የተለያዩ ሆነው ሳለ በአንድ ሞል ውሃ የሚወጣው ሙቀት በሁለቱም 57 ኪሎጁል ገደማ ነው። ምክንያቱም በሁለቱም ብርጭቆዎች የተፈጸመው ነገር አንድ ነው፤ ሃይድሮጅን አዮን ከሃይድሮክሳይድ አዮን ጋር ተገናኝቶ ውሃ ሆነ፣ ሌሎቹ አዮኖች ቆመው ተመለከቱ፤ «ተመልካች» የምንላቸውም ለዚህ ነው። አሴቲክ አሲድ ከሆነ ግን ሙቀቱ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ አሲዱን ለመበተን የሚወጣ ወጪ አለና። ጨው ውሃ ውስጥ ገና ሲገባ ወደ አዮን ይበተናል የሚለውን ሐሳብ ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1884 በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ሲያቀርብ ዝቅተኛ ማዕረግ ነበር የተሰጠው፤ በዚያው ሐሳብ በ1903 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አንቺም ዜሮ ስላገኘሽ አትዘኚ ለማለት ያህል ነው፤ ምንም እንኳ ያንቺ ዜሮ ተገቢ ቢሆንም።

በእኛ ደረጃ የሚበተኑት ሦስት ዓይነት ናቸው፦ የሚሟሙ ጨዎች፣ ጠንካራ አሲዶች እና ጠንካራ ቤዞች። ጠንካራ አሲዶቹ ጥቂት ስለሆኑ በቃል ይያዛሉ፤ ሃይድሮክሎሪክ፣ ሃይድሮብሮሚክ፣ ሃይድሮአዮዲክ፣ ናይትሪክ፣ ሰልፈሪክ እና ፐርክሎሪክ። ከእነዚህ ውጭ ያጋጠመሽን አሲድ ደካማ ነው ብለሽ ሳትበትኚ ብትጽፊው እምብዛም አትሳሳቺም። ጠጣር፣ ጋዝ እና ውሃ አይበተኑም።

አሁን ወደ ትንበያው ልምጣ። ሁለት ብጥብጦች ሲሰጡሽ መጀመሪያ አራቱን አዮኖች በስማቸው ጻፊ፤ ቀጥለሽ አጋር አለዋውጪና ከሁለቱ አዲስ ጥንዶች አንዱ ከብጥብጡ መውጫ መንገድ እንዳለው መርምሪ። መውጫው ዝቃጭ ሆኖ መውረድ፣ ጋዝ ሆኖ መብረር፣ አለዚያም እንደ ውሃ ባለ የማይበተን ሞለኪውል ውስጥ መታሰር ነው። ሦስቱም ከሌሉ ምንም አልተፈጠረም። የገበታ ጨውን ከፖታሲየም ናይትሬት ጋር ብትቀላቅዪ አራቱም አዮኖች እንደነበሩ ይቀጥላሉ፤ መልሱም «አጸግብሮት (ሪአክሽን) የለም» ነው። ተማሪ ባዶ መልስ መስጠት ስለሚፈራ ሶዲየም ናይትሬት እና ፖታሲየም ክሎራይድ ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ሁሉንም ሲሰርዝ ወረቀቱ ባዶ ሆኖበት ይደነግጣል። ወረቀቱ ባዶ መሆኑ ራሱ መልሱ ነበር።

የመሟሟት ደንቦችን በሠንጠረዥ ሙሉ ለመሸምደድ የሚደክሙ ተማሪዎች አሉ፤ እኔ በዚህ አላምንም። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ አሞኒየም እና ናይትሬት ያለባቸው ጨዎች እንደሚሟሙ ያዢ። ክሎራይዶች ከሲልቨር፣ ከሌድ እና ከአንድ ፖዘቲቭ ሜርኩሪ በስተቀር፣ ሰልፌቶች ደግሞ ከባሪየም፣ ከስትሮንሺየም እና ከሌድ በስተቀር ይሟሟሉ፤ ካልሲየም ሰልፌት መሐል ላይ ያለ ነው። ካርቦኔቶችና ፎስፌቶች በመጀመሪያ ከጠራኋቸው ሦስት ፖዘቲቭ አዮኖች ጋር ካልሆኑ ይዘቅጣሉ፤ አብዛኞቹ ሃይድሮክሳይዶችም እንዲሁ። ይህ ብቻ የፈተናውን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍንልሻል። ስለዚህ ሌድ ናይትሬት ከፖታሲየም አዮዳይድ ጋር ሲቀላቀል ፖታሲየምና ናይትሬት እንደሚቀሩ ወዲያው ይታይሻል፤ ደማቅ ቢጫ ሆኖ የሚወርደው ሌድ አዮዳይድ ነው፦

ሌድ አዮን (2+) + 2 አዮዳይድ አዮን (1−) → ሌድ አዮዳይድ (ጠጣር)

ነገር ግን «ሁልጊዜ የሚሟሟ» የሚለውን «ሁልጊዜ ተመልካች» ብለሽ እንዳትተረጉሚው። አሞኒየም ክሎራይድ ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ሲሞቅ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ይነሳል፤ አሞኒየም አዮኑ ሃይድሮጅኑን ለሃይድሮክሳይዱ ሰጥቶ አሞኒያ ሆኗልና። እዚህ ተመልካቾቹ ሶዲየምና ክሎራይድ ናቸው። ባሪየም ሃይድሮክሳይድ እና ሰልፈሪክ አሲድ ላይ ደግሞ ጭራሽ ተመልካች የለም፦

ባሪየም አዮን (2+) + 2 ሃይድሮክሳይድ አዮን (1−) + 2 ሃይድሮጅን አዮን (1+) + ሰልፌት አዮን (2−) → ባሪየም ሰልፌት (ጠጣር) + 2 ውሃ

ይህንን በባትሪ፣ በአምፖል እና በሁለት የካርቦን ዘንጎች አሳይቼ አውቃለሁ። በባሪየም ሃይድሮክሳይዱ ብጥብጥ ውስጥ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ አሲዱ ጠብ ጠብ ሲልበት ብጥብጡ እንደ ወተት እየነጣ አምፖሉ እየደከመ ይሄድና የሆነች ጠብታ ላይ ሲደርስ ጥፍት ይላል። ቻርጅ የሚሸከም አዮን አልቋል። አሲዱ ሲቀጥል ተመልሶ ይበራል። አንድ ተማሪ «ባሪየሙን ለምን አልሰረዝነውም?» ብሎ ይጠይቅ ከነበረ ያን ቀን መጠየቁን ተወ። ባሪየም አዮን ለሰውነት መርዝ ሆኖ ሳለ፣ የጨጓራና የአንጀት ራጅ ለሚነሳ ታማሚ ባሪየም ሰልፌት የሚያጠጡትም ጠጣሩ አዮኑን አጥብቆ ስለሚይዘው ነው። ጠጣርን አትበትኚ ስልሽ እንዲሁ የአጻጻፍ ደንብ እንዳይመስልሽ።

ቤትሽ ውስጥ ልታዪው የምትችዪው ምሳሌ የሻይ ማንቆርቆሪያው ነው። የጉድጓድ ውሃ በሚጠጣበት አካባቢ ማንቆርቆሪያ ከታችና ከጎኑ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ውሃው ውስጥ የነበሩት ካልሲየም አዮን እና ባይካርቦኔት አዮን ሲፈሉ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ካልሲየም ካርቦኔት ይዘቅጣል። እናቶች ይህንን ቅርፊት በሎሚ ወይም በአቼቶ ያስለቅቁታል፤ አሴቲክ አሲድ ባለበት በአቼቶ ሲሆን የሚፈጸመው ይህ ነው፦

ካልሲየም ካርቦኔት (ጠጣር) + 2 አሴቲክ አሲድ → ካልሲየም አዮን (2+) + 2 አሴቴት አዮን (1−) + ውሃ + ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ጋዝ)

ይህንን ለፈተና ስሰጥ ብዙው ተማሪ ካርቦኔቱንም አሲዱንም በትኖ፣ ካልሲየምን ከሁለቱም ወገን ሰርዞ፣ «ሃይድሮጅን አዮን እና ካርቦኔት አዮን» ብሎ ይመጣል። አጻጻፉ የተመጣጠነ ነው፤ ግን ቅርፊቱ የት ሄደ? በግራ በኩል ካልሲየሙ ድንጋይ ሆኖ ማንቆርቆሪያው ላይ ተጣብቋል፤ በቀኝ በኩል ውሃ ውስጥ ነጻ ሆኗል። ሁኔታውን ቀይሯልና ተመልካች ሊባል አይችልም። አንድ አዮን የሚሰረዘው በሁለቱም ወገን ስሙም፣ ቻርጁም፣ የሚገኝበት ሁኔታም አንድ ሲሆን ብቻ ነው።

ብረታ ብረት ሲገባበት መለዋወጡ ሳይሆን የኤሌክትሮን ዝውውር ነው የሚታየው። የብረት ምስማር ኮፐር ሰልፌት ውስጥ ቢነከር ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቀይ መዳብ ይለብሳል፣ ቆይቶም የብጥብጡ ሰማያዊነት እየደበዘዘ ይሄዳል። ሰልፌቱ ተመልካች ነው፦

ብረት (ጠጣር) + የመዳብ አዮን (2+) → የብረት አዮን (2+) + መዳብ (ጠጣር)

ዝገት ላይ 3+ የሆነውን ብረት የለመደ ተማሪ በቀኝ በኩል 3+ ብሎ ይጽፋል። አቶሞቹ እኩል ስለሆኑ አይጠረጥርም፤ ቻርጁን ቢደምር ግን ግራው 2፣ ቀኙ 3 መሆኑን ያይ ነበር። የመዳብ ሽቦ ሲልቨር ናይትሬት ውስጥ ሲገባም ሁለት የሲልቨር አዮን የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ አቶም ከቆጠርሽ በኋላ ቻርጅም ደምሪ፤ ግማሽ ደቂቃ አይወስድም። መዳብ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ሃይድሮጅን ጋዝ አያወጣም፣ ከሃይድሮጅን ይልቅ ኤሌክትሮኑን አጥብቆ የሚይዝ ነውና፤ ናይትሪክ አሲድ ሲሆን ግን ይሟሟል፤ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ሳይሆን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

አንድ የቤት ነገር ልጨምር፣ ከፈተና ውጭም ስለሚያስፈልግሽ። በረኪና ውስጥ ሃይፖክሎራይት አዮን እና ክሎራይድ አዮን አሉ። ሽንት ቤት በአሲድ ሲጸዳ «የበለጠ እንዲያነጣ» ብሎ በረኪና የሚጨምርበት ሰው አለ፦

ሃይፖክሎራይት አዮን (1−) + ክሎራይድ አዮን (1−) + 2 ሃይድሮጅን አዮን (1+) → ክሎሪን (ጋዝ) + ውሃ

ክሎሪን ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ይጥላል። ሶዲየሙን ሰርዘሽ የቀረውን ስታነቢ አደጋው ወለል ብሎ ይታይሻል፤ ጠርሙሶቹ ላይ ባለው ስም ብቻ ግን ማንም አይጠረጥርም።

ለልምምድ ይህችን ሞክሪ፦ ለጨጓራ ቃር የሚወሰደው ነጭ ፈሳሽ በውስጡ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ አለው፣ ጨጓራ ውስጥ የሚያገኘው ደግሞ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ፈሳሹ ለምን ነጭ እንደሆነ አስቀድመሽ አስቢበትና ኔት አዮኒክ ኢኩዌሽኑን እዚሁ ሥር ጻፊልኝ፤ ማታ ገብቼ አርምልሻለሁ።